ከቀዩ መስመር በታች

ውሃ ለኪው ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከግድቡ መለኪያ ዘንግ አጠገብ ይቆማል። ውሃው ወደ ታች ሲለቀቅ መብራት ይሰጣል፤ መብራት ሲተርፍ ደግሞ በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። ከቀዩ መስመር በታች ያለው ግን የከተማው መጠጥ ስለሆነ አይነካም።

ዛሬም ስልኩ ጮኸ። የኃይል ማመንጫው አለቃ ነው፤ ድሮ የውሃ ለኪው መንደር በግድቡ ውሃ እንዲዋጥ የፈረመው ያው ሰውዬ።

«በእናትህ፣ ግማሽ ሜትር ብቻ ፍቀድልኝ!»

«ቀዩ ላይ ደርሷል ጌታዬ። ጠብታ አይነካም።»

«ጌታዬ» የምትለዋን እንደ ከረሜላ እየመጠጠ ስልኩን ዘጋ። ውሃው ግማሽ ሜትር ቢጎድል የእናቱ መቃብር ድንጋይ ብቅ ይል ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አላየውም።

«ትንሽ ታገሺኝ እማዬ» አለ ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ፤ «ልመናውን ገና አልጠገብኩም።»