በአረጋሽ ትከሻ ላይ የኖረ ዜማ

የታደገ ጣቶች አያርፉም። አውቶቡስ ሲጠብቅ የወንበሩን ብረት፣ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን፣ ሲተኛ ደግሞ የባለቤቱን የአረጋሽን ትከሻ መታ መታ ያደርጋሉ። «ሠላሳ ዓመት ትከሻዬን ሲመታኝ ኖረ» ትላለች እንግዳ ባለበት፤ ሰው ደንገጥ ሲል በሳቅ ትፈርሳለች።

ታደገ አሁን ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። ጎንደር ሳለ፣ በደርግ ጊዜ፣ በኪነት ቡድን ውስጥ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። መሣሪያው የመንግሥት ነው። ወደዚህ፣ ወደ ቅድስቲቱ ምድር፣ ሊመጣ የተነሣ ዕለት ሳጥኑን ዘግቶ ለዕቃ ቤቱ ጠባቂ አስረከበና መንገዱን ያዘ።

«አንዴ እንኳ ነፍቼው ልሂድ አላልኩም» ይላል። «ነገ የምመለስ ይመስል!»

አረጋሽን ያገኛት እዚህ ከገባ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሲነፋ ሰምታው አታውቅም። ልጆች መጡ፣ የፋብሪካ ፈረቃ መጣ፣ ሳክስፎኑ የሌላ ሰው ሕይወት ሆነ። ይህን ያልሰሙት ጣቶቹ ብቻ ናቸው።

ጉልበቱ ሲደክም ከፋብሪካው ወጥቶ ሽሚራ ገባ፤ በዕብራይስጥ ጥበቃ ማለት ነው። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ ጎን የድግስ አዳራሽ አለ። እዚያ በር ላይ ቆሞ ቦርሳ ይፈትሻል፣ «ማዛል ቶቭ» ብሎ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል፣ ሰካራም ይሸኛል።

ባለፈው ዓመት፣ አንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ሽሪ የምትባል ወጣት ሠላሳ ዓመት የሞላችበትን በዓል እዚያ ደገሰች። ድግሱ የጥንቱን የጃዝ ዘመን ይምሰል ተብሎ፣ እንግዳው ሁሉ የዛሬ መቶ ዓመት ልብስ ለብሶ መጣ። ሴቶቹ ዘርፉ የሚወዛወዝ ቀሚስና የራስ ላባ፣ ወንዶቹ ማንገቻ ያለው ሱሪ። የሻምፓኝ ብርጭቆ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ ግንብ አክሏል። ከላይ ያፈሱታል፤ ግማሹ ብርጭቆ ውስጥ፣ ግማሹ መሬት ላይ።

«ያ ሁሉ ላባ!» ይላል ታደገ። «ስንት ዶሮ ራቁቷን እንደቀረች እግዜር ይወቀው።»

ሙዚቀኛው ኤልሮይ ነበር። ወላጆቹ የጎንደር ሰዎች፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ፣ ወታደርነቱን ጨርሶ፣ በየድግሱ ሳክስፎን የሚነፋ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ። ታደገ ሳጥኑን ሊፈትሽ ከፈተና እንደከፈተ ቀረ።

«አባባ፣ ቦምብ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ዝጋው! ሰው ይጠብቀኛል።»

«ይቺ የታችኛዋ ቁልፍ ላልታለች። ስትነፋ አየር አታፈስብህም?»

ኤልሮይ ቀና ብሎ አየው። «ማ? ምን? አንተ ትነፋለህ?»

«ነፍቼ ነበር።»

«መቼ?»

«አንተ ሳትወለድ። እናትህም ሳታገባ።»

ልጁ ሳቀ። «ቤሴደር፣ እሺ። ሻባት ሳይገባ ነው የምንጨርሰው። ሰው ሲወጣ አንዴ ትነፋለህ። ቃሌ ነው።»

ታደገ ወደ በሩ ተመለሰ። ጥርሱን በምላሱ ዳሰሰ። ሳክስፎን ሲነፋ የላይኛው የፊት ጥርስ ነው የመሣሪያውን አፍ የሚይዘው፤ በዚያ ዕድሜው አንድም አልጎደለበትም። «ለዚች ቀን ነው ያቆየልኝ አልኩ» ይላል። ለአረጋሽም ደወለ።

«ስልክሽን ከእጅሽ እንዳታርቂ።»

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«የማሰማሽ ነገር አለ።»

ድግሱ ጋለ። ሽሪ ኤልሮይ ፊት መጥታ ትጨፍር ጀመር። ከራሷ ላባዋን ነቅላ ሳክስፎኑ ድምፅ መውጫ ላይ ሰካችለት፤ ሰው አጨበጨበ። እጮኛዋ ኤይታን በብርጭቆው ግንብ አጠገብ ቆሞ ይጠጣል። ከጓደኞቹ አንዱ፣ «ኤይታን! ቀለበቱን ለማን ነበር የገዛኸው?» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ኤይታን ሙዚቃው ይቁም አለ። ሽሪ፣ «እንዳታቆም!» አለች።

ኤይታን ግንቡን በክንዱ ጠራረገው። ብርጭቆው ሲንኮታኮት ሴቶቹ ጮኹ። እሱ ጠርሙስ ይዞ ወደ ኤልሮይ ገሰገሰ።

ታደገ ደረቱ ላይ ፖሊስ የሚጠራበት መሣሪያ አለው፤ መጫን ብቻ ነው። ረሳው። በጎንደር ጠበኞች መሐል ሽማግሌ ገብቶ ከተንበረከከ፣ የተነሣ ዱላ ይወርዳል፤ ሽማግሌ ተሻግሮ የሚማታ ከሰው አይቆጠርም። ታደገ ቆቡን አውልቆ ስብርባሪው ላይ በጉልበቱ ወደቀ።

«በእናትህ! በምትወዳት እናትህ!» አለ፣ በአማርኛ።

ኤይታን ግን ከየት ይወቀው? ዘበኛው ዕቃ ወድቆበት የሚፈልግ መስሎኝ ነበር ብሏል በኋላ ለፖሊስ። ተሻገረውና ጠርሙሱን ሰነዘረ። ታደገ ብድግ አለ። ለኤልሮይ የታሰበው ምት የታደገ አፍ ላይ አረፈ።

የላይኛው አራት የፊት ጥርስ ረገፈ።

ሆስፒታል አለቃው መጣ። «መጥሪያውን ለምን አልተጫንክም?» ቢለው፣ «ያን ጊዜ ዘበኛ አልነበርኩም» አለው በታሰረ አፉ፤ አለቃው አልገባውም። ሽሪም መጣች፤ ብቻዋን፣ ጣቷ ባዶ። አለቀሰች፤ አጽናናት። አረጋሽ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልታሰማኝ የነበረው ምን ነበር?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቶቹም ዝም አሉ። «መጀመሪያ፣ ተመስገን፣ ትከሻዬ አረፈ አልኩ» ትላለች። «በሳምንቱ እንቅልፍ አጣሁ።»

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ኤልሮይ ሳጥኑን በጀርባው አዝሎ አፉላ ኢሊት፣ ታደገ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ታደገ ሊሞክር አፉን ቢያስጠጋ አዲሱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተነቃነቀ፤ ትንፋሹ በጎን አመለጠ። እንደገና ሞከረ። ያው ነው። መሣሪያውን መለሰለት።

«ሻይህን ጠጣና ሂድ፣ ልጄ። ቃልህን ጠብቀሃል።»

ኤልሮይ ግን ሳክስፎኑን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አደረገ።

«ና፣ ከኋላዬ ቁም። ትንፋሽ ከእኔ፤ ጣት ከአንተ።»

ሽማግሌው ልጁን ከኋላ አቀፈው። እጆቹ በልጁ ብብት ሥር አልፈው ቁልፎቹን አገኙ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ እናቱን ያጣ ጥጃ ነው። ከታች ፎቅ አንዱ «ሼኬት!» ብሎ ዝም እንዲሉ ጮኸባቸው። ልጁ የሽማግሌው ጣት ሲነሣ ትንፋሹን መሳብ፣ ሲወርድ መልቀቅ እንዳለበት ቀስ በቀስ ለመደ። ከዚያ አምባሰል መጣ፤ እየተደናቀፈ፣ ግን አምባሰል።

አረጋሽ ዕቃ ስታጥብ ነበር፤ እጇ አረፋ እንደሆነ ወጣች። ዜማውን በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም። ግን የት እንደሚቆም፣ የት ሁለቴ እንደሚመታ፣ የት እንደሚፈጥን ታውቀዋለች። እርጥብ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች፤ ዜማው የምታውቀው ቦታ እስኪደርስ ጠበቀችው።

«ቀስ በል፣ ታደገ» አለች። «እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትሮጣለህ።»