በጾም የሟሟው ካፕሱል

አንድን ነገር በሚገባ ከማስረዳትዎ የተነሳ ነገሩ ተበላሽቶብዎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል።

በደርግ ዘመን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ አለፍ ብሎ ባለ ግቢ በደባልነት እኖር ነበር። ቀን ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ሲመሽ በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። በመካከል የምትተርፈኝን ጊዜ የቤቱን ባለቤት እትዬን አስተምርባታለሁ፤ እሳቸው ባይጠይቁኝም።

እትዬ ጉልበታቸው አብጦ ይቆረጥማቸዋል። የዚያ ዓመት ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄደው መስገድ። ጤና ጣቢያ እብጠቱን የሚያበርድ ካፕሱል ሰጥቶ፣ ሳይከፍቱ እንዲውጡት ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ሽፋኑን ከፍተው ይጥሉና ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው ይጠጡታል። ጉሮሯቸውን ሲያቃጥላቸው ግማሹን ይተፉታል። ጉልበታቸው እንዳበጠ ነው።

«ለምን ይከፍቱታል?» አልኳቸው።

«ላስቲክ ነዋ። የጎረቤት ላም ላስቲክ በልታ መሞቷን ረሳኸው?»

ለአስተማሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ አመጣሁና ባዶውን ሽፋን ጣልኩበት። ጥቂት እንደቆየ ለሰለሰ፣ ተሸበሸበ፣ ከዚያም ውሃውን ትንሽ አቅልሞ ጠፋ። ሽፋኑ ተሸካሚ መሆኑን አስረዳሁ፤ መድኃኒቱን ሆድ ድረስ ያደርስና ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ይሟሟል። በቀበሌው የውይይት ክበብ የተማርኩትንም ጨመርኩበት፤ ቁስ አካል አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል።

«ባለቤቱን ይለውጣል በለኛ፤ መንግሥት እንደወረሰው ትርፍ ቤቴ» አሉ። ቢሆንም አምነውኛል፤ አንዱን ካፕሱል መዳፋቸው ላይ አድርገው ውሃ አነሱ።

«ለመሆኑ ከምን ይሠሩታል?»

«ከከብት ቆዳና አጥንት ነው፤ ተቀቅሎ» አልኩ፣ ጥያቄው ደስ ብሎኝ።

ውሃውን መልሰው አስቀመጡት። ዐቢይ ጾም ነበር።

«ሽፋኑ ብቻ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«የሚሟሟው እሱ አይደል? ላስቲክ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እንደገባ ይወጣል። ይሄ ግን ሰውነቴ ውስጥ ይቀራል። ራስህ ነህ ያሳየኸኝ።»

በክርክር ብዙ ጊዜ ተሸንፌአለሁ። በገዛ ሙከራዬ ስሸነፍ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

መድኃኒቱን ጨርሰው ስለተዉት፣ ሆሳዕና ሳይደርስ እትዬ ከቤት መውጣት አቃታቸው። የነፍስ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጡና ጉዳዩን ሰሙ።

«መድኃኒት ለታመመ ሰው ምግብ አይደለም፤ ዋጪው» አሉ ሳያመነቱ። «እኔም ለወገቤ ይህንኑ ከጥምቀት ጀምሮ እውጣለሁ።»

«ከአጥንት መሠራቱን ያውቁ ነበር፣ አባ?» አልኳቸው።

አባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህ ደባልሽ መቼ ነው የሚለቀው?»

ፍርዱ ግን አልተሻረም። እትዬ ካፕሱሉን ሳይከፍቱ መዋጥ ጀመሩ። ስቅለት ዕለት ሰገዱ፤ በዝግታም ቢሆን ግንባራቸው መሬት ነካ። አባም ወገባቸውን ይዘው ይሰግዱ ነበር፤ ቀና ባሉ ቁጥር እኔን ላለማየት ወደ ሌላ ይመለከታሉ።

እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ባዶ የካፕሱል ሽፋን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይጣሉና ሲሟሟ ለቤትዎ ሰዎች ያሳዩ። ከምን እንደሚሠራ ሲጠይቁዎት ደግሞ ሁለተኛውን ሙከራ ያድርጉ፤ እስከ ፋሲካ ዝም ይበሉ። የመጀመሪያው ይቀላል።