የእትዬ ውዴ ተከራይ አመራረጥ

ንፋስ መውጫ ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር የሚቆጠረው እትዬ ውዴ ዘንድ ነው። ልጁና ልጅቷ እስከ ሰባት ትውልድ እንደማይዛመዱ እርሳቸው ካላረጋገጡ ሽማግሌ አይላክም። ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ሳልፈልግ የግማሹን ከተማ ቅድመ አያት አውቃለሁ።

ባለፈው ክረምት ባላቸው ካረፉ ወዲህ ባሕር ዳር ያለው ልጃቸው መሐሪ የእናቱ ብቻቸውን መሆን እንቅልፍ ነሳው። «እስከ መስቀል ከግቢሽ ሰው ካልገባ መጥቼ እወስድሻለሁ» አላቸው። እትዬ ውዴ ከቤታቸው መውጣትን ከሞት እኩል ይፈራሉ። ስለዚህ የጓሮዋን ክፍል አስለስነው፣ አዲስ በር አስገጥመው፣ በስተርጅና አከራይ ሆኑ።

ደላላው ታፈረ ሰው ማምጣት ጀመረ። እኔም ሥራዬን ትቼ በአጥሩ ቀዳዳ ማየት ጀመርኩ፤ ምን ላድርግ፣ ደስ ይላል! መጀመሪያ የመጣው መምህር «ውኃ አለ?» ሲላቸው «አያትህ ማን ይባላሉ?» አሉት። ነገራቸው። «የእርሳቸውስ አባት?» ልጁ ግራ ገብቶት ታፈረን አየው። አላወቀም።

«ሥሩን የማያውቅ ከግቢዬ አያድርም» ብለው መለሱት። ባንክ የሚሠራውም፣ ሱቅ ሊከፍት የመጣውም እንዲሁ ተመለሱ።

ታፈረ ተናደደ። «እትዬ ውዴ፣ ቤት ነው የሚያከራዩት ወይስ ልጅ ነው የሚድሩት?»

«ማንነቱን የማላውቀው ሰው ከጓሮዬ እያደረ እንዴት እተኛለሁ?»

መስቀል ሲቃረብ ሳቄ ጠፋ። ይኸው የምስቅበት ጥያቄ ጎረቤቴን ባሕር ዳር ሊያስወስዳቸው ነው።

ለደመራ ጥቂት ቀን ሲቀረው ታፈረ ከስማዳ መጥታ እኛ ከተማ የተመደበች ትርሲት የምትባል ነርስ አመጣ፤ አባቷ አቶ ዓለምነህም አብረዋት ነበሩ። እትዬ ውዴ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አባትዬው ቀደሙ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጄን ከማን ቤት እንደማሳድር ልወቅ። የማን ልጅ ነዎት?»

እትዬ ውዴ ክው አሉ። ስንቱን ሲጠይቁ ኖረው እርሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ግን ፊታቸው በራ፤ መደቡ ላይ ተቀምጠው መቁጠር ጀመሩ። እርሳቸው አንድ ስም ሲጠሩ አቶ ዓለምነህም አንድ ይጠራሉ። አምስተኛው ትውልድ ላይ ሁለቱም አንድ ሰው ጠሩ።

እትዬ ውዴ እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ። «ዘመድ ነን! በሉ አይሆንም፣ ይቅር!»

ትርሲት ደንግጣ ቦርሳዋን አነሳች። እኔ አላስቻለኝም።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» ብዬ ካጥሩ ማዶ ጮኽኩ። «ሊጋቡ ነው እንዴ?»

«ውይ፣ አፌን ይቁረጠው!» ብለው እትዬ ውዴ ከትርሲት አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ሲስቁ ቆይተው አለቀሱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አልሰማሁም።

መሐሪ እንዳለው እናቱን ሊወስድ መኪና ተከራይቶ ለመስቀል መጣ። እናቱን ረሳና ውኃ የምትቀዳውን ትርሲትን ትኩር ብሎ ያያት ጀመር።

«ዓይንህን ሰብስብ፤ እህትህ ናት፣ ቆጥረናል!» አሉት እናቱ።

በማግሥቱ መኪናውን ባዶ ይዞ ተመለሰ።