«ደሙ ይደገም»

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወባ ደም ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ለቡ ባለው ቤታቸው መስኮት ሥር አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ አይጠፋም ነበር። ከቤተሰቡ የሚያተኩሰው ሰው ካለ ደሙን አይተው ንጹሕ ነው ቢሉም እንኳ «ደሙ ይደገም» ሳይሉ አይተዉም፤ እኛም እንስቅባቸው ነበር።

አንድ ጥቅምት ለሥራ ከሄድኩበት ከመተማ ስመለስ አተኮሰኝ። ጠዋት አጎቴ ጣቴን ወግተው ደሜን አዩ፤ ምንም አላገኙም።

«ጋሼ፣ ጉንፋን ይሆናል» አልኳቸው።

«ወባዋ ተደብቃ እንደሆነስ? ቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ ከገባች በኋላ ሕዋሱን ከቀጭኑ የደም ሥር ግድግዳ ጋር ታጣብቀዋለች። ያኔ ከጣት በሚወጣ ደም ላትታይ ትችላለች፤ አንጎል ውስጥ ግን ሥራዋን ትሠራለች።»

ከሰዓት በኋላ ደገሙት። በሕዋሶቹ ውስጥ ቀለበት የሚመስሉትን ጥገኛ ተውሳኮች አዩ። ወዲያው ሐኪም ቤት አስገቡኝ፤ ተረፍኩ።

ከዓመታት በኋላ አጎቴ ሲያርፉ፣ በቀብራቸው ማግስት ድንኳን ውስጥ ባለቤታቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው ያላወቅኩትን ነገሩኝ። አጎቴ ገና ወጣት ሳሉ የአንዲት እርጉዝ ሴት ደም አንዴ ብቻ አይተው «ወባ የለባትም» ብለው ጻፉ። ሴትዮዋ በሦስተኛው ቀን በወባ ሞተች።

«እስከ መጨረሻው በእንቅልፍ ልቡ በስሟ ይጠራት ነበር» አሉኝ።

ስሟን ጠየቅኳቸው። አሁን ለአጎቴ ነፍስ ስጸልይ የእሷንም ስም አነሳለሁ፤ በእሷ ሞት የተረፍኩት እኔ ነኝና።