አባቴ እስከ ወደቡ የሸኛቸው እንግዶች

ሜልቦርን ዳር፣ ክሬጊበርን ካለው ቤታችን አጥር ማዶ ጎረቤቴ በበጋ ቅዳሜዎች የአትክልቱን ጠርዝ በማሽን ሲያጭድ፣ የጦስኝ ሽታ ድንገት ይመጣና የያዝኩትን ሥራ ያስጥለኛል። ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ በጫማ የተረገጠ የጦስኝ ሽታ ነው፤ ከሽታውም ጋር ጫፉ ብረት የሆነ ምርኩዝ ድንጋይ ሲመታ የሚያሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አብሮ ይሰማኛል፤ ያን ጊዜ የሦስት ልጆች አባት መሆኔ ቀርቶ፣ ከባሕር በላይ በተንጠለጠለ የግሪክ መንደር ውስጥ የአባቱን መመለስ የሚጠብቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን አብዛኛውን ያገኘሁት ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍትና ከገዛ ስሕተቴ ነው። ስለዚህ አሳምሬ ለመጻፍ አልችልም፤ እውነቱን ለመጻፍ ግን እሞክራለሁ።

አባቴ ታደሰ አዲስ አበባ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። አገር ሲከፋበት እናቴንና እኔን ይዞ ወጣና፣ ወደ አውስትራሊያ እስክንሻገር ለጥቂት ወራት ብለን ግሪክ ገባን፤ ሦስት ዓመት ቆየን። በተራራው መንደር ኪራ ኤሌኒ፣ ማለትም ወይዘሮ ኤሌኒ፣ የሚሏት፣ ባሏ የሞተባት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበረች። አባቴ በመጀመሪያው ክረምት የወይራ ዛፎቿን እየከረከመ፣ ዝናብ ያፈረሰውን የድሮ የድንጋይ መንገድ እየጠገነ ዋለ። መንገዱ በቅሎ እንዲረግጠው ተብሎ በጥንት ሰዎች እጅ የተነጠፈ ነበር፤ ደረጃዎቹ ሰፋፊ፣ ጠርዛቸው በቁም በተተከለ ድንጋይ የታሰረ፣ በየሃያ እርምጃው ደግሞ የጎርፍ ውሃ ወደ ገደሉ እንዲያፈስ አግድም የተጋደመ ረጅም ድንጋይ ነበረበት። አባቴ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጁ ስላነሳና ስለመለሰ፣ መንገዱን ከመንደሩ ሰው ይልቅ አወቀው። እንግሊዝኛም ስለሚችል፣ ኪራ ኤሌኒ በእግር ለመጓዝ ከሰሜን አውሮፓ ለሚመጡት እንግዶቿ መንገድ መሪ አደረገችው።

ጸደይ ሲመጣ ተራራው በቢጫና በሐምራዊ አበባ ይሸፈንና እንግዶቹ ይጎርፉ ነበር። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። አባቴ እንግዶቹን ከመንደሩ አንስቶ እስከ ተራራው ጫፍ፣ እስከ ትንሿ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል፤ እዚያ የባሕሩ ዳር መንደር ሰው የሆነው ያኒስ ተቀብሎ ወደ ወደቡ ያወርዳቸዋል፤ አባቴም ይመለሳል። አባቴ ግን አንድም ቀን ከዚያ ተመልሶ አያውቅም። እንግዳን መንገድ መሀል ጥሎ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው ይልና፣ ከያኒስ ጋር አብሮ እስከ ወደቡ ወርዶ፣ ጀልባዋ እስክትንቀሳቀስ ቆሞ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ደረጃ ብቻውን ይወጣው ነበር።

ኪራ ኤሌኒ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጮህበት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ እግርህ የብረት ነው እንዴ? ያኒስ እኮ መንገዱን ያውቀዋል!»

«መንገዱን ያውቀዋል፤ እንግዶቹን ግን አያውቃቸውም» ይላት ነበር አባቴ።

እናቴ ደግሞ ውሃ አሙቃ እግሩን እያጠበችለት «በል በሚቀጥለው እንግሊዝ አገር ድረስ ሸኝተሃቸው ና» ትለው ነበር። ያን ጊዜ ገና ቀልድ ነበር።

አንድ ቀን እኔንም ይዞኝ ወረደ። ከመንገዱ ይልቅ የማስታውሰው ወደቡን ነው። እንግዶቹ ወደ ጀልባዋ ከመግባታቸው በፊት ተራ በተራ እየቀረቡ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሚስተር ታደሰ» እያሉ ያመሰግኑት ነበር፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም አቅፋ ሳመችው። አባቴ ትከሻው ቀጥ ብሎ፣ ጀልባዋ ነጥብ እስክትሆን ድረስ እጁን እያወዛወዘ ቆመ። ስንመለስ ግን፣ ከመንደሩ መግቢያ ላይ ፖሊስ ወረቀቱን እንዲያሳይ ሲጠይቀው፣ ያ ትልቅ የመሰለኝ ሰው እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ኪሱን ሲፈትሽ አየሁት።

በበጋ ሙቀቱ ስለሚበረታ እግረኛ አይመጣም ነበር። ያን በጋ የቤታችን ሐሳብ ሁሉ ሜልቦርን ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ጽጌ፣ እናታቸው ስትሞት እናቴን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት፣ ኖርዝ ሜልቦርን ውስጥ በመንግሥት ፎቅ ቤት ይኖሩ ነበር፤ የእኛን ማመልከቻ ያስገቡት፣ ዋስ የሆኑትም እሳቸው ነበሩ። እሑድ እሑድ በመንደሩ ሱቅ ስልክ ላይ እየደወሉ ያነጋግሩን ነበር። በዚያ በጋ መታመማቸውን ነገሩን። በሽታው የማይድን መሆኑን ለእኔ ማንም አልነገረኝም፤ ነገር ግን እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ስትይዝ አይቼ አውቄዋለሁ።

«እትዬ፣ እስክመጣ ይጠብቁኝ፤ እኔ ነኝ የማስታምምዎት» ትላቸው ነበር።

«የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው? አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለሁት፤ ሊፍቱም ተበላሽቷል!» ብለው ይስቁ ነበር፤ ሳቃቸውን ሳል ያቋርጠዋል።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የተጠበቀው የአውስትራሊያ ኤምባሲ ደብዳቤ መጣ። ሐሙስ ጠዋት አቴንስ ለቃለ መጠይቅ ሦስታችንም እንድንቀርብ ይላል። ከመንደራችን በቀን አንድ አውቶቡስ ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ይነሣ ነበር፤ ስለዚህ ረቡዕ መሄድ ነበረብን። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ የዓመቱ የመጨረሻ እንግዶች ነበሩ። ኪራ ኤሌኒ ሌላ ሰው ልፈልግ አለችው፤ አባቴ እምቢ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኗ ብመለስ በቂ ጊዜ አለኝ አለ።

«ማልልኝ» አለችው እናቴ።

«መማል ኃጢአት ነው» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ሳትምል ተመለስ።» እሷ አልሳቀችም።

እናቴ የአባቴን ሙሉ ልብስ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ አደረገች፤ የእኔን ፀጉር በውሃ አስተኛችው፤ ከአውቶቡሱ ሰዓት በፊት ወርደን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ካለው ዛፍ ሥር ቆምን። አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ ያውቀን ነበርና ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀን። ተሳፋሪዎች ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዲት አሮጊት በመስኮት አንገቷን አውጥታ ተራራውን ከእኛ ጋር ትመለከት ነበር። መንገዱ ከታች እስከ ጫፍ ይታያል፤ ሰው ግን የለበትም።

«እመቤት፣ ምን ላድርግ?» አላት ሹፌሩ።

እናቴ ማመልከቻው በአባቴ ስም መሆኑን ታውቃለች። ለረጅም ጊዜ መንገዱን አየች፤ ከዚያ የያዘችውን ሻንጣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሹፌሩ ገባው፤ በሩን ዘጋ።

አባቴ ጀንበር ስትጠልቅ ደረሰ፤ እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ወደ ቤት ሲገባ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ሻንጣውን በር አጠገብ ሲያየው ፈገግታው ጠፋ። «የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ከዳው» አለ። «ድንጋዩ በዝናብ ይንሸራተት ነበር። ጥዬው ልምጣ?» እናቴ ሻንጣውን ከፍታ ሙሉ ልብሱን አወጣችና መስቀያው ላይ መልሳ ሰቀለችው።

ሌላ ቀጠሮ የተሰጠን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያ ክረምት፣ ነፋሱ ባሕሩን እያጨሰ በሚመታበት ሰሞን፣ በሥራ ቀን ባለሱቁ መጥቶ በራችንን አንኳኳ፤ ስልክ ነው አለ። እሑድ ስላልነበረ እናቴ ስልኩን ሳትሰማ ገና ከበሩ ላይ ማልቀስ ጀመረች። እዚያ መንደር ውስጥ ለእትዬ ጽጌ እንደ አገራችን ደንብ የሚያለቅስ፣ ድንኳን የሚጥል አልነበረም። ኪራ ኤሌኒ ጥቁር ሻሽ ይዛ መጣች፤ እናቴ ራስ ላይ አሰረችላትና ወለሉ ላይ አብራት ተቀመጠች። አባቴ ውጭ ደረጃው ላይ ሆኖ ዋለ፤ እናቴም ግባ አላለችውም።

ጸደይ ሲገባ ፈቃዱ ተሰጠንና ሜልቦርን ደረስን። አበባውን ትተን ብንመጣ፣ እዚህ ቅጠል የሚረግፍበት ጊዜ ሆኖ ጠበቀን። የእትዬ ጽጌ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞች ጎረቤታቸው ዘንድ ያስቀመጡትን ዕቃ አመጡልን። ለእያንዳንዳችን በፌስታል ውስጥ ብርድ ልብስ ነበር፤ ላዩ ላይ ስማችን በእትዬ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። የእኔ ውስጥ የትምህርት ቤት ቦርሳም ነበረበት። እናቴ የራሷን ፌስታል ለአንድ ወር ያህል አልከፈተችውም።

እኛም በዚያው ግቢ ፎቅ ቤት ተሰጠን። አባቴ መጋዘን ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ እናቴ ቢሮ ታጸዳ ነበር። አንድ ነገር ልብ አልኩ። አባቴ ከዚያ ወዲያ እንግዳ አልሸኘም። ሰው ሊሄድ ሲነሣ እሱም ይነሣና ደፉ ላይ ሲደርስ እግሩን ሰብስቦ ይቆማል፤ «ደህና ሁኑ» ይልና በሩን ይዘጋል። ሊፍቱ ድረስ እንኳ አይሄድም ነበር። አንዳንዱ «ጋሼ ታደሰ ምነው ኮሩ?» ይል ነበር። 

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ከትምህርት ቤት አርፍጄ ገባሁና አባቴ ስለ ሰዓት ማክበር ይገሥጸኝ ጀመር። እኔም ባለጌ ነበርኩ። «አንተ ነህ ስለ ሰዓት የምትናገረኝ?» አልኩት። «የማታውቀው ሰው ጉልበት ከእትዬ በልጦብህ እማዬን ያስቀረሃት አንተ አይደለህም?»

እናቴ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። እጇ ቆመ። አባቴ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን ተቀመጠ።

«ጉልበቱ አልከዳውም ነበር» አለ። «ትንሽ ያነክስ ነበር እንጂ። ያኒስም እዚያው ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ራሱ ሂድ፣ ቀጠሮ አለህ ብሎኛል፤ ሦስት ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን?» አልኩት።

«ሰው የምሆነው እዚያ ወደብ ላይ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት አሳይ፣ ወረቀት አሳይ እባላለሁ። እዚያ ስደርስ ግን እጄን ይዘው በስሜ ይጠሩኛል። የመጨረሻዎቹ እንግዶች ነበሩ፤ ይቅርብኝ ማለት አቃተኝ። ጊዜ ይበቃኛል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቤት ስገባ ደግሞ እናትህን አታለልኩ።»

እናቴ ራሷን ቀና ሳታደርግ «አውቅ ነበር» አለች። «ጉልበቱ የከዳውን ሽማግሌ ደግፎ የዋለ ሰው እንዲያ ፈገግ ብሎ ቤት አይገባም። አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።» ከዚያ መተኮሷን ቀጠለች።

እኔ ያን ቀን የተማርኩትን ብዙ መጽሐፍ አላስተማረኝም። በጎ ልማድም ቢሆን ሳንመረምረው ስንደጋግመው፣ ለሌላው የተጀመረው ለራሳችን መሆኑን ሳናውቀው እንቀራለን፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው አጠገባችን ያለው ነው። አባቴ ጥፋተኛ ነበር። ይህን የምጽፈው ልወቅሰው ብዬ አይደለም፤ ጥፋቱን በልጁ ፊት የተናገረ ሌላ አባት ስላላየሁ ነው፤ እኔም ራሴ ይህን ያህል ድፍረት ኖሮኝ አያውቅም።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማው ዳር፣ ከሆፐርስ ክሮሲንግ የመጡ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች እኛ ቤት ውለው ሊሄዱ ተነሡ። መኪና አልነበራቸውም። አባቴ እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ሲቆም፣ እናቴ ነጠላዋን ደረበች፤ ጫማውን ከአልጋው ሥር አምጥታ እግሩ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ታደሰ፣ ጫማህን አድርግ እንጂ» አለችው። «ሰዎቹ መንገዱን አያውቁትም። እስከ ትራሙ ፌርማታ እንሸኛቸው።»

አባቴ ጫማውን አየ፤ እሷን አየ። ክሩን ለማሰር ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ እንግዶቹም «ኧረ አይቸገሩ ጋሼ» እያሉ በር ላይ ጠበቁት። እኔ ከፎቅ ቤታችን መስኮት ቁልቁል ስመለከት አራት ትንንሽ ሰዎች ግቢውን ሲያቋርጡ አየሁ። ትራሙ መጥቶ ሄደ፤ አባቴና እናቴ ግን ቆመው ቀሩ። ቆይተው ተያይዘው ተመለሱ፤ እናቴ ክንዱን ይዛው ነበር።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፤ እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። እኔ ቀጠሮ አሳልፌ አላውቅም። ልጆቼንም ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መድረስን አስተምሬአቸዋለሁ፤ በዚህ ትክክል ነኝ ብዬ አምናለሁ። እንግዶቻችን አሁን በመኪናቸው መጥተው በመኪናቸው ይሄዳሉ፤ ልጆቼ ከሶፋው ሳይነሡ «ባይ» ይላሉ፤ ተነሡ ስላቸው «ዳድ፣ ዘይ ሃቭ ጂፒኤስ» ይሉኛል፤ መንገዱን ስልካቸው ይመራቸዋል ማለታቸው ነው፤ እውነታቸውንም ነው። እናቴ ግን በምርኩዝ ተነሥታ እስከ መንገዱ ትወጣለች፤ መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ ትቆማለች። ቀድሞ እማዬ ይበርድሻል፣ ግቢ እላት ነበር። አሁን አልላትም፤ የጋራዡን በር መዝጊያ ሪሞት በእጄ ይዤ፣ ሰዓቴን ሳላይ፣ እስክትመለስ ከኋላዋ እቆማለሁ።