በሰንሰል ማዶ የቀረው ዮናኤል

ዮናኤልን የጎዳው እሺ ማለቱ ነው። በወይራ ማርያም ደብር ሃያ ዓመት ሳስተምር እንደሱ የሚላክ ሰው አላየሁም። ጣሪያ የሚከድን ሲጠፋ ዮናኤል፣ ሬሳ የሚሸከም አራተኛ ሰው ሲጎድል ዮናኤል። ሚስቱ ሞገሳ «ባሌ የመንደሩ ነው፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ሲተኛ ብቻ ነው» ትል ነበር። ይህን ስትል ገና አብረው ይኖሩ ነበር።

እኛ ከሰንሰል ወንዝ ወዲህ ነን፤ ጓሳ ሜዳ የሚባለው መንደር ሰዎች ወዲያ ናቸው። ወንዙ በበጋ አሥር እርምጃ አይሞላም። ከግርጌው ሁለታችንም የእኛ ነው የምንለው መስክ አለ። በዚያ መስክ ሰበብ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው ቆሰለ፤ የዮናኤል አጎት ደግሞ ዘወንጌል የሚባለውን የጓሳ ሜዳ ሰው ግራ ጆሮውን ቆረጠው። የአገሩ ገዥ ነገሩን ሊያይ መጣ። ከእኛም ከእነሱም በሬ አሳርዶ በላና ሄደ። ሲቸግረን የደብረ ከርቤን አበምኔት አባ ሕዝቅያስን ለመንን።

አባ ሕዝቅያስ ገዥ ያቃተውን ነገር የሚጨርሱ ሰው ናቸው። እሳቸው ዋስ የሆኑለትን ማንም አይነካም፣ እሳቸው ያወገዙትን ማንም ውሃ አያቀብልም። ንጉሡም ከዘመዶቹ ሲጣላ የሚያስጠራው እሳቸውን ነው። እኛ ይህን እንደ በጎ ነገር ቆጠርነው።

መጡና ሁለት ቀን ሰሙን። እኛ በወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር እሳቸውን ከበን ተቀመጥን፤ ጓሳ ሜዳዎች ከማዶ ሆነው እየጮኹ ተሟገቱ። በሦስተኛው ቀን አባ ሕዝቅያስ ፍርድ ሊሰጡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የንጉሡ መልእክተኛ እየጋለበ ደረሰ። ንጉሡ ከአጎቱ ጋር ተጣልቷልና አባ ሕዝቅያስ አሁኑኑ ወደ ሰፈሩ ይምጡ አለ። የአበምኔቱ በቅሎ በፈረሱ ደንግጣ ገመዷን በጠሰችና ወንዙን ተሻግራ ከማዶ ሣር ትግጥ ጀመር።

«ዮናኤል፣ በቅሎዋን» አለ አንድ ሰው። እኔ ነኝ ያልሁት ብሎ እስከ ዛሬ ያመነ የለም።

«እሺ» ብሎ ተሻገረ።

ዮናኤል በቅሎዋን ሲያባብል አባ ሕዝቅያስ ተነሥተው ቆሙ። «ፍርዱን ስመለስ እሰጣለሁ፤ ቢበዛ አሥራ አምስት ቀን ነው። እስክመለስ ግን እንዳትጋደሉ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለ ወዲያ፣ ወዲያ ያለ ወዲህ ቢሻገር፣ ሰውም ይሁን ከብት፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን አውግዣለሁ» አሉ። መልእክተኛው ትርፍ በቅሎ ነበረችው፤ በሷ ላይ ወጡ።

ዮናኤል የያዛትን በቅሎ እየሳበ ውሃው አፍ ላይ ደርሶ ነበር። «አባቴ፣ እኔስ?» አለ።

አባ ሕዝቅያስ ዘወር ብለው በመስቀላቸው ባረኩትና ሄዱ።

ከእኛ ወገን አንዱ «ቶሎ በል ተሻገር፣ ቃሉ ገና አልደረቀም» አለው። ሌላው «እግርህን እንዳታነሣ!» አለው። ዮናኤል ወደ እኔ አየ።

«የኔታ፣ ምን ላድርግ?»

«አሥራ አምስት ቀን ምን አላት?» አልሁት።

«እሺ» አለ።

ሞገሳ በዚያ ጊዜ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ከሴቶቹ መካከል ቆማ አየችኝ።

ማደሪያ የሰጠው ዘወንጌል ነው። «ና» አለው፣ ሁላችንም እየሰማን። «አጎትህ ጆሮዬን ወስዷል፤ አንተ እርሻዬን ታርስልኛለህ።» ዮናኤል ምን እንደመለሰ መናገር አያስፈልገኝም።

አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ። ንጉሡና አጎቱ ታርቀዋል የሚል ወሬ መጣ፤ ደስ አለን። አባ ሕዝቅያስ ግን ለአጎቱ ዋስ ሆነው እዚያው ቀሩ። በዓመቱ ትግሬ ወርደው የተጣሉ መኳንንት ያስታርቃሉ ተባለ። ቀጥሎ ስለ ሰንበት ክርክር ሆኖ ጉባኤ ተቀመጡ። አገሩ ሁሉ እሳቸውን ይፈልግ ነበር። እኛም እንፈልጋቸው ነበር፤ ግን ከእኛ ዘንድ ፈረስ የሚጋልብ መልእክተኛ የለም።

ዮናኤል በማዶ በኩል ሁለት ጊዜ ንጉሡ ሰፈር ድረስ ሄዷል። መጀመሪያ ሲደርስ ሰፈሩ ተነሥቶ አመድና ፍግ ብቻ አገኘ። ሁለተኛ ጊዜ ሰፈሩን አገኘው፤ አባ ሕዝቅያስ በዋዜማው ለሌላ እርቅ ወጥተው ነበር። በሰው ቃል ልከው እንዲፈቱት ማስለመኑም አልሆነም፤ ያሰረው አፍ ራሱ ካልፈታ ግዝት አይፈታም። ሽማግሌዎቹ ከምንጩ በላይ ዞሮ ቢመጣስ ብለው ጠየቁኝ። ወዲያ ምንጊዜም ወዲያ ነው አልኋቸው። የተማርሁት እንዲህ ነው።

ከብቶቻችንን አስረን እንጠብቅ ነበር። አንድ ወይፈን ብቻ አምልጦ ተሻግሮ ተመለሰ። የተወገዘ ሥጋ የሚበላ አልተገኘም፤ የሚጠምደውም ጠፋ፤ ሥራ ሳይነካ ተዝናንቶ ኖረ።

ሞገሳ ሴት ልጅ ወለደች። በሰማንያ ቀኗ አጠመቅኋትና ሶስና አልናት። አባቷ ከማዶ ቆሞ አየ። በማግሥቱ ሞገሳ ሕፃኗን አዝላ ወደ እኔ መጣች።

«የኔታ፣ ይቺ ልጅ ያን ቀን አልተወለደችም። ሰው ያሻግራት አልልም፤ የተሻገረ ሁሉ ይወገዛል። በገመድ ቅርጫት አድርገን ብንስባትስ? አቅፏት ይመልሳታል።»

ቀኑን ሙሉ አሰብሁ። ሕፃኗ ሰውም ከብትም ተብላ ያልተቆጠረች መሆኗ ታይቶኝ ነበር። ግን ተሳስቼ ቢሆን አባ ሕዝቅያስ የሚጠይቁት እኔን ነው። ፈራሁ። «በማሕፀንሽ ነበረች፤ አንቺ ደግሞ ከወዲህ ነበርሽ» አልኋት።

«ይህን ያህል ዓመት የተማረ ሰው ሌላ መልስ የለውም?»

«የለውም።»

«እሺ» አለች። ከባሏ የወሰደችው ነው መሰለኝ፤ በሷ አፍ ግን እንደ ስድብ ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ዮናኤል ሥራ ሲፈታ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ወንዙ ዳር ይመጣል።

«ጤፉ ታጨደ?» ይላል።

«ታጨደ» ትላለች ሞገሳ።

«ማን አገዘሽ?»

«ወንድምህ። ግማሹን መንገድ ላይ አራገፈው።»

ሶስና አፏን ስትፈታ ወሬው የሷ ሆነ። በወዲህ ዳር አንዲት ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ምን እንደበላች፣ ማን እንደመታት፣ ዶሮዋ የት እንደጣለች ትነግረዋለች። ክረምት ሲሆን ወንዙ ስለሚያጓራ መጮህ ነበረባቸው። ልጅቱ መናገር የለመደችው እየጮኸች ነው። ቤት ውስጥ እናቷ «ቀስ በይ፣ ከአጠገብሽ ነኝ» ትላታለች።

አባ ሕዝቅያስ በሰባተኛው ዓመት መጡ። ሸምግለዋል፤ የንጉሥ አጃቢ ከፊትና ከኋላ አለ። ወደ ሌላ እርቅ እያለፉ ነበርና ከበቅሎ አልወረዱም። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሲያስታውሷቸው ብዙ አሰቡ።

«በቅሎዬስ?» አሉ።

«ማዶ ናት። በሕይወት አለች።»

«ተመስገን። በሉ፣ ያሰርሁትን ሁሉ ፈትቻለሁ። መስኩንስ ለማን ልፍረድ?»

ፍርድ ሳይሰጥ ከብቱን ሊያሰማራበት የደፈረ ስላልነበረ መስኩ በሰባት ዓመት ውስጥ እሾህ ለብሶ ነበር። እኛም ጓሳ ሜዳዎችም አንፈልገውም አልን። አባ ሕዝቅያስ ደስ አላቸው። የሰንሰልን ሰዎች ያለ ደም እንዳስታረቁ አንድ መነኩሴ ጻፈ። ውሸትም አይደለም።

ሳይሄዱ ልጓማቸውን ይዤ ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ ግዝት ሲነገር ያልተወለደ ልጅ ይታሰራል?»

«እንዴት ይታሰራል? አይታሰርም። ምነው?»

«እንዲያው ለትምህርት ነው» አልሁ።

ለዮናኤልም ለሞገሳም አልነገርኋቸውም። እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም። አፍራለሁ፤ ማፈሬ ለማንም አልጠቀመም።

ዮናኤል በቅሎዋን ለአጃቢዎቹ አስረከበና በእግሩ ተሻገረ። ሞገሳ አንገቱን ይዛ አለቀሰች። ሶስና ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸጉጣ እግሩን አየች። እጁን ሲዘረጋላት ወደ ቤት ሮጠች። «ትለምድሃለች» አለችው ሞገሳ። «እሺ» አለ።

በማግሥቱ ወደ ማታ ከሾላው ሥር ተቀምጬ ሳለሁ ሶስና መጥታ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። ማዶ ማንም አልነበረም። ቆይቶ ዮናኤል ከኋላዋ መጣ።

«ልጄ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«አባቴን።»

«አባትሽ እኮ እኔ ነኝ። ይኸው መጣሁ።»

ልጅቱ ዞራ አየችው። «አንተ እንግዳው ነህ» አለችው። «አባቴ ያ ነው፣ እዚያ የሚቆመው።» በጣቷ ባዶውን ዳር አሳየችው።

ዮናኤል ወደ እኔ አየ፤ ይህን ጊዜ ግን ምን ላድርግ ብሎ አልጠየቀኝም። ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ተሻገረና ሰባት ዓመት በቆመበት ቦታ ቆመ።

«ሶስና!» ብሎ ጮኸ። «ዛሬ ምን በላሽ?»

ልጅቱ ከድንጋይዋ ብድግ አለች። ሽሮ እንደበላች፣ ዶሮዋ እንደጠፋችና እንደተገኘች፣ ቤታቸው አንድ እንግዳ ሰው እንደመጣና እናቷ እንዳለቀሰች እየጮኸች ነገረችው። እሱም «እሰይ» እያለ ሰማት። እናቷ ለራት ስትጠራት «ደህና እደር» አለችው።

«ደህና እደሪ» አላት። ቤት እስክትገባ ማዶ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ነው የተሻገረው።