ከጎኔ ተቀምጦ ይውረድ

ሰይድ በድሎኛል። ፒክአፔን ጭነቱን የሚችለው ባሌስትራ እንዲጠገን ብዬ አቀስታ ያለው ጋራዡ አስገባሁ። ባሌስትራውን ሠራ፤ ደህና የነበረውን የመሪ ቴስቲና ግን ፈትቶ ወሰደና በምትኩ የተበየደ አሮጌ ቴስቲና ቀለም ቀብቶ ገጠመልኝ። ቴስቲና መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያያይዘው አንጓ ነው። እሱ ከተላቀቀ መሪው እጅህ ላይ ይቀራል፣ ጎማው የፈለገበት ይሄዳል። ሌላ መካኒክ ቢሆን ሰድቤው ዝም እል ነበር። ሰይድ ግን ለፋሲካ የራሱን በግ እቤቴ መጥቶ የሚያርድ፣ ድስቱ ለብቻ የሚቀመጥለት ሰው ነው።

ሐሙስ ንጋት፣ መካነ ሰላም

ጎህ ሳይቀድ ሞተር አስነሣሁ። መናኸሪያው በር ላይ "አቀስታ ነህ?" ያለኝን ሁሉ "አይደለሁም" እያልኩ አለፍኩ። አንዲት ሴት ዶሮዎቿን ታቅፋ፣ "ባዶ መኪና ይዘህ? አንተ ሰውዬ ከመቼ ወዲህ ነው የከበርከው?" አለችኝ። ምን ልበላት። እንጀራዬ ሰው መጫን ነው፤ ይህን መኪና ይዤ ደግሞ ሰው አልጭንም። መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ጎማው ጉድጓድ ሲነካ ከታች ቋ ይላል።

ነገሩን ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው። እዚሁ መካነ ሰላም ያለ መካኒክ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ቢነቀንቀው እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ። ቀለሙን በመፍቻ ሲጭረው ከሥሩ የብየዳ ጠባሳ ወጣ። "ልቀይርልህ" አለኝ። እንቢ አልኩ። ቀይሬው ብሄድ ሰይድን ምን አሳየዋለሁ?

ረፋድ ላይ፣ አቀስታ

ወደ ለጋምቦ ሲወጣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ገርጥቷል፤ በጎቹ ውርጩ እስኪቀልጥ ከድንጋዩ ካብ ሥር ተጠግተው ይጠብቃሉ። ሰው በርኖሱን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ከተማ ስገባ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላሁ፣ ሻይ ደገምኩ። ጉልበት ፍለጋ አይደለም። ጋራዡ ጋ ለመድረስ አልቸኮልኩም።

ሰይድ ከአንድ ሚኒባስ ሥር ወጣ። "ጌታቸው፣ እንኳን ደህና መጣህ። ባሌስትራው እንዴት ሆነ?"

"ባሌስትራው ደህና ነው። የታመመው መሪው ነው።"

"መሪውን እኔ አልነካሁም።" ይህን ሲል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

"ማልልኝ።"

ሸህ ይመር ድምፃችንን ሰምተው መጡ። ጋራዡ ያለው በግቢያቸው ነው፤ በዚያ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ እሳቸው ጋ ነው የሚቀመጠው። አረፍ አሉና እኔንም እሱንም አዳመጡ።

"መሐላ የለም" አሉ። "መሐላ ልጅ ላይ ያርፋል። ሁለታችሁም ወልዳችኋል። ሰይድ፣ መሪውን አልነካሁም ነው የምትል?"

"አልነካሁም፣ አባባ።"

"እንግዲያ ደህና መሪ ነው። ከጎኑ ተቀመጥና አብረኸው እስከ መካነ ሰላም ውረድ። እኔም ከኋላ አለሁ።"

"እርስዎ እንኳ ይቅሩ" አልኳቸው።

"ለምን እቀራለሁ? እኔ ዕድሜዬን በልቼ ጠግቤያለሁ። ቢገለበጥ የምትከስሩት እናንተ ናችሁ።"

ከቀትር በኋላ፣ መንገድ ላይ

ጠጠሩ መንገድ ላይ እንደ በሬ ቀስ ብለን እንሄዳለን። ሸህ ይመር ከኋላ ሆነው ስለ ዘንድሮ ገብስ ያወራሉ።  መሪው በጎተተ ቁጥር ሰይድ ከእግሩ ሥር ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጣል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለመንጃ ፈቃድ ስል፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። የመንገድ ምልክቱን ያስጠናኝ ሰይድ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ በግራሶ ጣቱ ግድግዳ ላይ እየሣለ። ብስት "አይዞህ፣ መንገዱ አይሄድብህም" ይለኝ ነበር። እና እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ዕለት ስነዳ አምላኬን የለመንኩት ሰይድ እስከ ቤቴ ከጎኔ እንዲቀመጥ ነው። እንዲቀመጥና እኔ ሐሰተኛ እንድሆን።

ትልቁ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ደረስን። ከታች ገደሉ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ መንገዱ እንደ ተወረወረ ገመድ ይጠማዘዛል።

"አቁም" አለ ሰይድ። "የዙሁር ሰላት ሊያልፈኝ ነው።"

ሁለቱም ወርደው ሰገዱ። ሸህ ይመር ጨርሰው ተመልሰው ገቡ። ሰይድ ቆየ። ሲነሣ ወደ እሱ በር አልሄደም፤ ወደ እኔ መስኮት መጣ።

"ቁልፉን ስጠኝ።"

"ግባ፣ ሰይድ።"

"አልገባም። አንተም ቁልቁለቱን አትወርድም። ቁልፉን ስጠኝ።"

"መሪውን አልነካሁም አላልክም? ግባ እንጂ።"

እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ቁልፉን ራሱ ነቀለ። "የሰርግ መኪና ቴስቲናው ተሰብሮ መጥቶብኝ ነበረ" አለ። "ሙሽራው ቆሞ፣ ሚዜው እየጮኸብኝ፣ አቀስታ ውስጥ ዕቃው የለም። ያንተ መኪና ክሪክ ላይ ነበረች። ከደሴ ሲመጣ እመልሳለሁ ብዬ ነው። ኋላ አፈርኩ።"

"ከስንቱ መኪና መሃል የኔን?"

"ያንተ ቁጣ ይቀለኛል ብዬ።"

ሰው ለባዕድ የማያደርገውን ለወዳጁ ያደርጋል፤ ወዳጅ ይችላል ተብሎ። ልመታው ነበር የወረድኩት። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"በቃ፣ ተናግሯል" አሉ ሸህ ይመር።

አንድ ሚኒባስ አጠገባችን ረገብ አለና ረዳቱ አንገቱን አወጣ። "አባባ፣ እየሸጡት ነው እየገዙት?"

"አንተ ጎማህን እይ" አሉት።

ቅዳሜ፣ እዚያው አፋፍ ላይ

መኪናውን አፋፉ ላይ ካለ አንድ ገበሬ ደጅ አቆምን፤ የሸህ ይመር ዘመድ ነው፣ እኛንም አሳደረን። ሰይድ ደሴ ደውሎ አዲሱ ቴስቲና በሚያልፍ አውቶቡስ ተላከ።

እሱ ከሥር ሲገባ እኔም ገብቼ አጠገቡ ተጋደምኩ። ድሮ እንዲህ ጎን ለጎን ተኝተን እየተሳሳቅን ስንት መኪና ፈተናል። ዛሬ የተኛሁት ዓይኔን ከእጁ ላይ እንዳልነቅል ነው። አሮጌውን አወጣ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ዳዶውን አጠበቀ፣ ግራሶ ሞላ። ወጣና በጎማዎቹ ጎን ሲባጎ ወጥሮ መቅናታቸውን ለካ። "እይ" አለኝ። "አየሁ" አልኩ። መኪና የምታሠሩ ሁሉ ከሥር ገብታችሁ እዩ፤ የሚሠራላችሁ ወንድማችሁ ቢሆንም። እኔ ይህን ሳላውቀው ብሞት ይሻለኝ ነበር።

ሸህ ይመር ፊት ለፊት አቆሙን።

"አፉ በለኝ" አለ ሰይድ።

"አፉ ብያለሁ።"

ወሎ ውስጥ ይቅርታው ከዚህ በላይ ቃል የለውም። ከተባለ ተባለ።

"ግራሶ ሲያልቅ ብቅ በል" አለኝ። "እሺ" አልኩ። እንደማልመጣ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እነሱ በሚኒባስ ወደ አቀስታ ተመለሱ። እኔ ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩ። መሪው በሁለት ጣት ይዞራል፣ አይጎትትም፣ ድምፅ የለውም። የሚያስከፋው ይኸው ነው፤ ሥራው ጥሩ ነበር።

መካነ ሰላም ስገባ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ነገሩ ያለቀው ቅዳሜ፣ ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።